አሉታዊ ድግግሞሽ

አሉታዊ ድግግሞሽ ወይም ኔጌቲቭ ፍሪኩዌንሲ በሲግናል ጥናት ውስጥ አንድ ዙረት በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን የሚገልጽ መለኪያ ነው። መጠኑ በሰከንድ ስንት ዙር እንደሚሞላ ሲናገር፣ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ የዙረቱን አቅጣጫ ያሳያል። በልማድ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ የሚዞረው አዎንታዊ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሚዞረው አሉታዊ ይባላል።

ምሳሌ

በደባርቅና በዳባት ደጋ ገብስ ሲወቃ በሬዎች አውድማው ላይ እየዞሩ ያበራያሉ። ከሩቅ ሆኖ በአውድማው ትክክል ለሚያይ ሰው በሬው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲመላለስ ብቻ ይታየዋል፤ በየት በኩል እንደሚዞር መለየት አይችልም። ከአፋፍ ቁልቁል የሚያይ ግን ወዲያው ይለያል፤ የበሬውን ቦታ በአንድ ሳይሆን በሁለት ቁጥሮች ያውቃልና። የመጀመሪያው እይታ እንደ እውን ሲግናል፣ ሁለተኛው እንደ ኮምፕሌክስ ሲግናል ነው።

ሒሳባዊ አገላለጽ

ኮምፕሌክስ ሲግናል በእያንዳንዱ ቅጽበት እውን ክፍልና ምናባዊ ክፍል አለው። አንድ ነጥብ በክብ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲዞር እውን ክፍሉ ኮሳይን፣ ምናባዊ ክፍሉ ሳይን ይሆናል። ዙረቱ ሲገለበጥ ኮሳይኑ አይለወጥም፤ ሳይኑ ግን ምልክቱን ይቀይራል። ስለዚህ አቅጣጫው የሚታወቀው ሁለቱ አብረው ሲለኩ ነው።

ሊዮናርድ ኦይለር በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ ኮሳይን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ነጥቦች አማካይ ነው። ከዚህ የተነሳ የእውን ሲግናል ስፔክትረም ከዜሮ ግራና ቀኝ በመጠኑ እንደ መስታወት ምስል ይመሳሰላል፤ አሉታዊው ወገን አዲስ መረጃ አይጨምርም። በኮምፕሌክስ ሲግናል ግን ሁለቱ ወገኖች ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥቅም

በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በሻሁራ የአየር ሁኔታ ራዳር ተተክሏል። የዶፕለር ራዳር ወደ ዝናብ የላከው ሞገድ ሲመለስ፣ ጠብታው እየቀረበ ከሆነ ድግግሞሹ ከፍ፣ እየራቀ ከሆነ ዝቅ ይላል። የሞገዱ ርዝመት 5 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 10 ሜትር የሚቀርብ ጠብታ +400 ሄርዝ፣ በዚያው ፍጥነት የሚርቀው −400 ሄርዝ ለውጥ ይሰጣል። መሣሪያው ተመላሹን ሞገድ ከራሱ ሞገድና በሩብ ዙር ከዘገየው ግልባጩ ጋር እያነጻጸረ ሁለት ቁጥሮች ያወጣል። በአንዱ ብቻ ቢወሰን፣ እየመጣ ያለው ዶፍና አልፎ የሚሄደው አይለዩም ነበር።

ገደብ

ራዳሩ በሰከንድ 1000 ጊዜ ቢለካ፣ በትክክል የሚለየው ከ−500 እስከ +500 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር የሚቀርብ ጠብታ +600 ሄርዝ ቢሰጥም −400 ተብሎ ይነበባል፤ የሚቀርበው እንደሚርቅ ይቆጠራል። በፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።