የንብ በሽታ በባለቤቱ እጅ እንዳይዛመት

ዲማ በምትገኝበት በጋምቤላ ክልል፤ ይልቁንም በማጃንግ ሰዎች ዘንድ፤ ቀፎ የሚሰቀለው ከረጅም ዛፍ ላይ ነው። ንቡም ከዱር መጥቶ በፈቃዱ ይገባበታል። ቀፎዎቹ ተራርቀው ስለሚኖሩ፤ አንዱ ቢታመም ደዌው ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ጠባብ ነው።

የሣጥን ቀፎ በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። መምጣቱስ መልካም ነው፤ ዛፍ መውጣት የማይሆንላት እመቤት በጓሮዋ ንብ አርብታ፤ ከማሩ ዋጋ ለልጆቿ ደብተርና ልብስ ልትገዛ ትችላለች። ነገር ግን ቀፎዎቹ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ፍሬሙ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ንቡም በገንዘብ ተገዝቶ ከሩቅ ይመጣል። እንግዲህ ደዌን የሚያዛምተው ንቡ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም ጭምር ነው።

ኖሴማ የሚባለው ሕመም በንቡ አንጀት ውስጥ ተራብቶ በኵሱ ይተላለፋል። አንድ ዓይነት ሻጋታም እጩን እንደ ኖራ አድርቆ ያስቀረዋል። ከእስያ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ቫሮዋ የተባለው መዥገር መሰል ተባይ በአገራችንም በትግራይ መታየቱ ተመዝግቧል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በውጭ አገር እጅግ የሚፈራው፤ እጩን አበስብሶ የሚያከረፋው ደዌ ነው። የዚህ ደዌ ዘር በቀፎ እንጨት ላይ ከ40 ዓመት በላይ ሳይሞት ስለሚቆይ፤ በብዙ አገር የታመመው ቀፎ እንዲቃጠል ይታዘዛል። አሮጌ ቀፎ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ይህን ያስብ።

ቀፎ የምትከፍት እመቤት አስቀድማ ጤነኛውን ትይ፤ የምትጠረጥረውን ለመጨረሻ ታቆይ። ከዚያም እጇንና ቢላዋዋን በሙቅ ውሃና በሳሙና ትጠብ። የደከመውን ቀፎ ሌሎች ንቦች ይዘርፉታል፤ ከማሩም ጋር ደዌውን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የመግቢያውን ቀዳዳ ማጥበብ፤ የተቈረጠውንም እንጀራ በሜዳ አለመጣል ይገባል። ከገበያ የተገዛ ማር ለንብ ማብላት ፈጽሞ አይበጅም። ባዶ የእንጨት ቀፎም ዳግመኛ ንብ ሳይገባበት ውስጡ በነበልባል ቢለበለብ ይጠቅማል።

በ2002 ዓ.ም. ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 660 ወጥቷል። እኛ በችሎት መዝገብ የምናውቀው የንብ ክርክር ግን የተሰረቀ ቀፎ ነው፤ የጐረቤቴ ንብ ደዌ አጋባብኝ ብሎ የከሰሰ አላየንም። ሕመሙ በስውር ያልፋልና። እጩ ጠቍሮ ወይም ደርቆ ያየ ሰው፤ ቀፎውን ለሌላ ከመሸጡ በፊት ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ያሳይ፤ በሆለታም የንብ ምርምር ማዕከል አለ። ለጐረቤቱም በዚያው ቀን ይንገር፤ የእርሱ ንብ አበባ የሚቀስመው ከዚያው መስክ ነውና።