ባዝራና ውርንጭላዋ

ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የሚባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። የጌታውን ስም ያስጠራ ፈረስ በአገራችን ሞልቷል። እነዚያን ፈረሶች ወልደው፣ ልሰውና አጥብተው ያሳደጉትን ባዝራዎች ግን የሚያነሳቸው የለም። እኔ ፈረስን ማወቅ የሚጀመረው ከእናቲቱ ነው ባይ ነኝ፤ በተለይ ከምትወልድባት ሌሊት።

ባዝራ 11 ወር ያህል ታረግዛለች። ቀኗ ሲቃረብ ጡቷ ያጋታል፤ በጡቷ ጫፍ ላይም ሰም የመሰለ ጠብታ ይደርቃል። ሰዓቱን የምትመርጠው ግን ራሷ ናት። ምጥ ጀማምሯት እንኳ ሰው ከተመላለሰባት ታቆየዋለች፤ በረቱ ጭር ሲል፣ ሲጠብቃት ያመሸው ሰው ለትንሽ ጊዜ ዞር ሲል ትወልዳለች። አብዛኞቹ የሚወልዱት ሌሊት የሆነውም ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ለሚኖርና መደበቂያ ለሌለው እንስሳ ጨለማ ከለላው ነው።

ግፊያው ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ፈጣን ነው። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውርንጭላው መሬት ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ ሐኪም ሳይጠሩ መጠበቅ እናትንም ልጅንም ማጣት ሊሆን ይችላል።

ከወለደች በኋላ ጥቂት ተኝታ ትቆያለች። ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ እትብት ሊቆርጥ፣ ውርንጭላውን ሊያነሳ፣ በጨርቅ ሊያደርቅ። እትብቱ እኮ ከሁለቱ አንዳቸው ሲነሱ በራሱ ይበጠሳል። እናቲቱም ዞር ብላ ልጇን ታሸተዋለች፤ የላይኛ ከንፈሯን ወደ ላይ ገልብጣ የፈሰሰውን ውሃ ሽታ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ከዚያ መላስ ትጀምራለች። እየላሰች አፏን ሳትከፍት፣ በአፍንጫዋና በጉሮሮዋ ዝቅ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ታሰማዋለች። ውርንጭላውም ጆሮውን ወደ ድምፁ ያዞራል። ልጇን የራሷ የምታደርገው በዚህች አጭር ጊዜ፣ በማሽተቷና በምላሷ ነው። የእኛ እጅና የእኛ ጠረን በመካከል ሲገባ የምናውከው ይህን ነው።

ውርንጭላው ሲወለድ እግሩ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ እጅግ ረጅም ነው። የኮቴው ጫፍ ማኅፀን እንዳይቀድ በለስላሳ ነገር ተሸፍኗል፤ መራመድ ሲጀምር እየተላጠ ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። ከቆመ በኋላ ጡት ፍለጋው ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የበረቱን ግድግዳ ይጠባል፣ በእናቱ የፊት እግሮች መካከል ይገባል። ጥሩ እናት ዝም ብላ ትቆማለች፤ ዳሌዋን ወደሱ ታዞራለች፣ የኋላ እግሯን ፈታ ታደርጋለች፤ ሲጠጋም በአፍንጫዋ ጭራው ሥር ነካ ነካ ታደርገዋለች። ሲጠባ ደግሞ ደጋግማ የምታሸተው እዚያው ነው፤ የራሷ መሆኑን የምታረጋግጠው በዚያ ነው።

ፈረስ አርቢዎች ለዚያች ሌሊት የሚይዙት ቀላል ሒሳብ አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቁም፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጥባ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ የእንግዴ ልጁ ይውጣ። የመካከለኛው፣ የመጥባቱ ነገር በጣም ወሳኝ ነው። የሰው ልጅ በሽታ መከላከያውን ከፊሉን በእናቱ ማኅፀን ሳለ ያገኛል፤ ውርንጭላ ግን በእንግዴ ልጁ በኩል ምንም አያገኝም ማለት ይቻላል። ያለው እንገሩ ብቻ ነው። አንጀቱም ያንን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ በሩ ተዘግቷል። እንገርን «ያልጠራ ወተት» ነው ብሎ አልቦ መድፋት ልጁን ያለ ጋሻ መስደድ ነው።

ሌሎቹን ፈረሶች ደግሞ እናቲቱ በጆሮዋ ታባርራለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጥርሷን አሳይታ፣ በልጇና በመጣው መካከል ትገባለች። ጸባይዋ ተበላሸ ብለው የሚቆጡ አሉ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ውርንጭላው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እናቱን ለይቶ አያውቅም፤ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ሁሉ እናቱ ይመስለዋል፣ ይከተለዋል። እስኪለያት ድረስ መንጋውን የምታርቅለት እሷ ናት።

አንዳንዴ እናት ልጇን ትገፋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ባዝራ ናት። ጭካኔ አይደለም። ጡቷ ተወጥሮ ያማታል፣ ሲነኳት ትደነግጣለች። የሚያውቃት ሰው አንገቷን ይዞ፣ እያባበለ፣ ጥቂት እንገር አልቦ ሲያሳርፋት ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ልጇ የሞተባትን ባዝራ እናቱ ከሞተችበት ውርንጭላ ጋር ለማላመድ፣ የሞተውን ቆዳ ገፎ ሌላው ላይ ማልበስም የቆየ ዘዴ ነው። የእኛ አርቢዎች ላም ወተቷን እንድትለቅ የሞተ ጥጃዋን ቆዳ ገለባ ሞልተው እንደሚያቀርቡላት ማለት ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በማሽተት ነው።

ድኩላ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ለግጦሽ ትሄዳለች። ባዝራ እንዲህ አታደርግም፤ ልጇ ከተወለደ በሰዓታት ውስጥ አብሯት ይሮጣል። ሲተኛ አጠገቡ ትቆማለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ፣ ግን ጥቂት በጥቂት ይጠባል። የእናቱን ፋንድያ ሲበላ ቢታይ አያስደንግጥ፤ ሣር ለመፍጨት የሚያስፈልጉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ከዚያ ያገኛል። ትልልቅ ፈረሶች ፊት ሲቀርብ አንገቱን ዘርግቶ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል፤ «ልጅ ነኝ» ማለቱ ነው። ከጨዋታ አልፎ እናቱን ከነከሰ ግን እሷም ነከስ ታደርገዋለች፤ ሥርዓት የሚማረው ከሷ ነው።

በዱር በሚኖሩ መንጋዎች እናት ልጇን ጡት የምታስጥለው የሚቀጥለው ሊወለድ ሲቃረብ ነው፤ ጡት ከጣለም በኋላ አጠገቧ ይቆያል። ከመንጋው የሚወጣው በ2 ወይም በ3 ዓመቱ ገደማ ነው። ሰው ግን በ4 ወይም በ6 ወሩ ይለያቸዋል፤ አንዳንዱም በአንድ ጠዋት፣ ድምፃቸው እንኳ ወደማይሰማበት ቦታ። መለየት ግድ ከሆነ በአንድ አጥር ማዶ ለማዶ ሆነው እየተያዩ፣ ውርንጭላውም ከሚያውቃቸው ፈረሶች ጋር እንደሆነ ቢለያዩ ጭንቀቱ ይቀንሳል። አጥሩ ውርንጭላው አንገቱን አሾልኮ የማይጠባበት፣ ግን መተሻሸትን የማይከለክል ይሁን።