ያውቁ ኖሯል? ከአባያ ዳር እስከ ዳሞታ ራስ፣ የነዳጅ ፓምፕ ነገር

ያውቁ ኖሯል? የነዳጅ ፓምፕ በመግፋት ብርቱ፣ በመሳብ ግን ደካማ ነው። በግል በተሠራ አውሮፕላን ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ትክክለኛ ቦታው ከታንከሩ አጠገብ፣ ከተቻለም ከታንከሩ ወለል ዝቅ ብሎ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዘመናዊ መኪኖች ፓምፑ ጭራሽ ታንከሩ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል።

ያውቁ ኖሯል? ወላይታ ሶዶ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ገደማ ላይ ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ነው። ቤንዚንም እንደ ውሃው ቀድሞ ይተናል።

ያውቁ ኖሯል? ፓምፑ ከታንከሩ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ቢታሰር፣ ነዳጁን ሽቅብ ሲስብ ብቻ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት በ7 ኪሎፓስካል ያህል ይወርዳል። ማጣሪያውና የቧንቧው እጥፋት የሚቀንሱት በዚህ ላይ ይታከላል።

አሁን ሁለቱን፣ ከፍታውንና ሽቅብ መሳቡን፣ አንድ ላይ አስቧቸው። ከአባያ ሐይቅ ዳር፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ነዳጅ የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ተነሥታ ሶዶ አጠገብ ያለውን የዳሞታን ተራራ ለመሻገር ወደ 3,000 ሜትር ትወጣለች። ውጭው አየር ይቀዘቅዛል፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን ቶሎ አይበርድም። የአየር ግፊቱ ከ88 ወደ 70 ኪሎፓስካል ወርዷል። ፓምፑ ከሞተሩ ጋር ከላይ ተቀምጦ በረጅም ቧንቧ የሚስብ ከሆነ፣ ነዳጁ መንገድ ላይ ሊተን ይችላል። ለፈሳሽ የተሠራ ፓምፕ እንፋሎት ሲያገኘው ባዶውን ይሠራል፤ ሞተሩም ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ሞተሩ ከሁሉ በላይ ጉልበት በሚፈልግበት፣ ከሥር ያለው መሬትም ገደል በሆነበት ሰዓት ነው። ከስምጥ ሸለቆ ወለል ተነሥቶ ወደ ደጋው መውጣት ለሚያስብ ሰው የፓምፑ ቦታ የሕይወት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያውቁ ኖሯል? ፓምፕ ጨርሶ የማያስፈልጋቸው አውሮፕላኖችም አሉ። የራይት ወንድማማቾች በ1903 እ.ኤ.አ. የበረሩበት ሞተር ነዳጁን ያገኝ የነበረው ከፍ ብላ ከታሰረች ትንሽ ታንከር በስበት ነበር። ክንፋቸው ከላይ የሆነ፣ ካርቡሬተር ያላቸው የሴስና 172 ሞዴሎችም እንዲሁ ናቸው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሳይክል ታንከሩን ከላይ የተሸከመው ለዚሁ ነው።

 

ያውቁ ኖሯል? አስመላሽ ዘፈሩ አዲስ አበባ ላይ በራሱ የሠራት አውሮፕላን፣ ኬ-570ኤ፣ ሞተሯ የቮልስ መኪና ነው። ቮልሷ ታንከሯ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ካርቡሬተር ባለው ሞዴል ፓምፑ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነዳጁን የመኪናዋን ርዝመት ያህል ይስባል። ለመኪና ይበቃል፤ መኪና ዳር ይዛ ትቆማለች። ለአውሮፕላን ግን በሞተሩ ፓምፕ ላይ ታንከሩ አጠገብ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይጨመራል፤ አንዱ ቢበላሽ የሌላውን መንገድ እንዳይዘጋ ሆኖ።

ያውቁ ኖሯል? በአገራችን ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የቆየው ኢታኖል አንዳንድ የጎማ ቧንቧዎችንና ማሸጊያዎችን ይጎዳል፤ በጥቂቱ ሲቀላቀል ደግሞ ቤንዚኑ ይበልጥ ቶሎ እንዲተን ያደርጋል።

ያውቁ ኖሯል? ፓምፑ ከማርሚታው መራቅ አለበት፤ ማጣሪያውም ከፓምፑ በፊት ይገባል።

ያውቁ ኖሯል? ፓምፑ በቂ ነዳጅ መስጠቱን መሬት ላይ መፈተሽ ይቻላል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የከተማዋ ጋራዥ ወጣት ሙከራውን በጄሪካንና በሰዓት መሥራት ይችላል። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ሽቅብ እንደምትወጣ ያህል ቀና ማድረግ፣ ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ብቻ መተው፣ ቧንቧውን ከካርቡሬተሩ ላይ ፈትቶ ወደ ጄሪካኑ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚፈስ መለካት ነው። ሞተሩ ለመነሣት በሰዓት 20 ሊትር የሚፈልግ ከሆነ፣ ፓምፑ ቢያንስ 25 ሊትር፣ በስበት ብቻ ከሆነ ደግሞ 30 ሊትር መስጠት አለበት። ሙከራው ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከብልጭታ ርቆ፣ ጄሪካኑ የብረት ሆኖ ከአውሮፕላኑ ጋር በሽቦ ተያይዞ ይሁን።