የሐርቤና የላሊበላ የዙፋን ታሪክ

የሐርቤና የላሊበላ የዙፋን ታሪክ በዛግዌ ሥርወ መንግሥት ዘመን በላስታ ቤተ መንግሥት ውስጥ በሁለት ወንድማማቾች መካከል የተነሣውን የንግሥና ፉክክር የሚመለከት ትረካ ነው። ዋና ምንጩ በግዕዝ የተጻፈው ገድለ ላሊበላ ነው። ገድሉ የተደረሰው ላሊበላ ካረፈ ከረጅም ዘመን በኋላ፣ የዛግዌ ነገሥታት ከዙፋን ወርደው የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ሲገዛ ነው። የአውሮፓ አንባቢዎች ያወቁት ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1892 ከትርጉም ጋር ካሳተመው በኋላ ነበር። ትረካው በላስታ በቃል ሲነገር የኖረ ቢሆንም፣ ላሊበላ ወደ ዙፋን የወጣበት መንገድ በእርግጥ ገድሉ እንደሚለው ሰላማዊ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ቆይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው።)

ትረካው በገድሉ

ገድሉ የላሊበላን አባት ዛን ስዩም፣ እናቱን ኪዮርና ይላቸዋል። ሕፃኑ እንደ ተወለደ የንብ መንጋ መጥቶ ከበበው። እናቱም ሠራዊት ንጉሡን እንደሚከብ ንቦቹ ልጇን ሲከቡት አይታ «ንቦች ንጉሥነቱን ዐወቁ» ስትል ላሊበላ አለችው። ንብ በላስታ እምነት ውስጥ ያለው ክብር ዛሬም አልጠፋም። ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ብልባላ፣ ብልባላ ጊዮርጊስ በተባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ንቦች ሰፍረው ይኖራሉ፤ ማራቸውም በሽታ ይፈውሳል ተብሎ ይታመናል።

የንቦቹ ምልክት ግን ለሕፃኑ መከራ አመጣበት። በዙፋኑ ላይ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ፣ አንድ ቀን መንግሥቱን የሚወስድበት እርሱ እንደ ሆነ ሰማ። ላሊበላ እያደገ ሲሄድ የንጉሡም ፍርሃት አብሮ አደገ። በመጨረሻ መርዙን ያዘጋጀችው ግን ንጉሡ ራሱ ሳይሆን እኅታቸው ናት። የወንድሟን ዙፋን ለማዳን ብላ መርዝ የተቀላቀለበት መጠጥ ለላሊበላ አቀረበችለት። አብሮት የነበረው ዲያቆን ቀድሞ ቀመሰና ወዲያው ሞተ። ላሊበላ ስለ እርሱ ሲል ሌላ ሰው መሞቱ አሳዝኖት፣ መርዝ መሆኑን እያወቀ ጽዋውን አንሥቶ ጠጣ።

ገድሉ ከዚህ በኋላ የሚተርከው የታሪኩ እምብርት ነው። ላሊበላ ለሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ተኛ፤ በዚያም ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው ከአንድ አለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። ሊያጠፋው የታሰበው መርዝ፣ በኋላ ለሚሠራው ሥራ መነሻ ሆነ ማለት ነው። ሲነቃም ከአገሩ ወጥቶ በበረሃ ኖረ፤ መስቀል ክብራን አገባ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለመ። በመጨረሻ ክርስቶስ ለሐርቤ ተገልጦ ዙፋኑን ለወንድሙ እንዲለቅ አዘዘው። ሐርቤም ወጥቶ ላሊበላን ተቀበለው፤ ይቅርታ ጠይቆ በእጁ አነገሠው። ላሊበላ የንግሥና ስሙ ገብረ መስቀል ተባለ።

የሚቀና ገዢ፣ መርዝ፣ ስደትና መመለስ በብዙ አገር የቤተ መንግሥት ታሪኮች ውስጥ ይገኛሉ። በ1955 በሕንድ በቴሉጉ ቋንቋ የተሠራው «ጃያሲምሃ» የተባለው ፊልም፣ ዙፋን የሚመኝ አጎትንና አገሩን ጥሎ የሚሄድ አልጋ ወራሽን ያሳያል። በእንደዚህ ያሉ ፊልሞች ውስጥ ነገሩ የሚፈታው በሰይፍ ሲሆን፣ በገድለ ላሊበላ ግን ማንም ሰይፍ አይመዝም፤ በዳዩም አይቀጣም። እንዲያውም ሐርቤ ገብረ ማርያም በሚለው ስሙ ከይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከላሊበላና ከነአኩቶ ለአብ ጋር ከአራቱ ቅዱሳን የዛግዌ ነገሥታት አንዱ ሆኖ ይከበራል። የዚህ ትረካ ልዩነቱም፣ ለታሪክ መርማሪ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ አሳዳጁም ተሳዳጁም ቅዱሳን ናቸው።

የዙፋን አወራረስ በዛግዌ ቤት

ታሪኩ ብቻውን የቆመ አይደለም። ላሊበላና ሐርቤ ከመንገሣቸው በፊት የነበረው ይምርሐነ ክርስቶስም፣ በገድሉ እንደ ተጻፈው፣ አጎቱ ጠንጠውድም ይነግሣል ብሎ ስለ ፈራው ሊገድለው ሲፈልግ ሸሽቶ ነበር። እርሱም እንደ ላሊበላ ከስደት ተመልሶ ነገሠ፤ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በስሙ ይጠራል። ትንቢት፣ የሚፈራ ዘመድ፣ ስደት፣ ከዚያም ንግሥና፤ ሁለቱ ገድሎች አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላሉ።

ጠንጠውድም ደግሞ ከገድል ውጭም የሚታወቅ ንጉሥ ነው። በምሥራቅ ትግራይ ለሚገኘው ለኡራ መስቀል ቤተ ክርስቲያን መሬት የሰጠበት ሰነድ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

እንዲህ ያለው ነገር የተደጋገመበትን ምክንያት ከአወራረሱ ሥርዓት መረዳት ይቻላል። በትውፊቱ መሠረት ዙፋኑ ሁልጊዜ ከአባት ወደ ልጅ አይሄድም ነበር፤ ወንድም ከወንድም፣ የወንድም ልጅ ከአጎት ሲወርስ እናያለን። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ የንጉሥ ወንድም ወራሽም ተቀናቃኝም ነው። ልጁን ማንገሥ የሚፈልግ ንጉሥ ደግሞ አስቀድሞ ወንድሞቹንና የወንድሞቹን ልጆች ማራቅ ይኖርበታል። የሐርቤ ፍርሃት ከክፋት ብቻ የመጣ ሳይሆን ከሥርዓቱ የተወለደም ነበር።

የታሪክ ተመራማሪዎች አስተያየት

ታደሰ ታምራት በ1972 በታተመው ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ፣ ሐርቤ በፈቃዱ ዙፋኑን ለቀቀ የሚለውን ትረካ በጥርጣሬ ተመልክቶታል። በእርሱ ግምት ላሊበላ የነገሠው ወንድሙን በጦር ኃይል ከዙፋን አውርዶ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሕያው ንጉሥ ዘውዱን አውልቆ ሲሰደድ ለነበረ ተቀናቃኝ የሚሰጥበት አጋጣሚ በየትኛውም አገር ብርቅ ነው፤ ገድል ደግሞ የሚጻፈው ቅዱሱን ለማክበር እንጂ የጦርነት ዜና ለመመዝገብ አይደለም። ይሁን እንጂ ጦርነት መካሄዱን በቀጥታ የሚናገር የዘመኑ ሰነድ ስለሌለ፣ ግምቱ ግምት ሆኖ ይቀራል። ማሪ ሎር ዴራ በ2018 ስለ ሥርወ መንግሥቱ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የዛግዌን ታሪክ ለመጻፍ በኋላ ዘመን ከተደረሱት ገድሎች ይልቅ የነገሥታቱን የራሳቸውን ሰነዶች ማስቀደም እንደሚገባ አሳይታለች።

እነዚህ ሰነዶች ጥቂት ቢሆኑም ስለ ላሊበላ አጥብቀው ይመሰክራሉ። በዛሬዋ ኤርትራ በሺመዛና በሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ወንጌል ውስጥ ያሉት የመሬት ስጦታ ጽሑፎች፣ በ1204ና በ1225 ንጉሡ እርሱ እንደ ነበረ ያረጋግጣሉ። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥም ስሙ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበሮች አሉ። የሐርቤን ዘመን በዚህ መልክ የሚያጸና ሰነድ የለም። በፓትርያርክ ገብርኤል 2ኛ (1131–1145) ጊዜ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተጨማሪ ጳጳሳት እንዲሾሙለት ግብፅን ጠይቆ እንደ ነበር የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ይናገራል፤ አንዳንዶች ይህ ንጉሥ ሐርቤ ነው ይላሉ። የጳጳሳቱ ቁጥር አሥር ከደረሰ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ መሾም ይችሉ ስለ ነበር፣ ፓትርያርኩ ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀርቷል።

መስቀል ክብራና ከላሊበላ በኋላ

የዙፋኑ ጣጣ በላሊበላ መንገሥ አላበቃም፤ ከዚህ በኋላ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጎልታ የምትታየው ንግሥቲቱ መስቀል ክብራ ናት። በዚሁ የፓትርያርኮች ታሪክ እንደ ተጻፈው፣ ከኢትዮጵያ ወደ ካይሮ ሸሽቶ የመጣው ሊቀ ጳጳስ ሚካኤል፣ ንግሥቲቱ ወንድሟን ሂሩንን ጳጳስ አድርጎ እንዲሾም እንዳስገደደችው፣ የተሾመውም ሰው ሥልጣኑን ነጥቆ ሊገድለው እንደ ፈለገ ከሰሰ። ፓትርያርክ ዮሐንስ 6ኛ ነገሩን ካስመረመረ በኋላ ግን የተሻረው ከሳሹ ሚካኤል ራሱ ሆነ፤ በምትኩ ይስሐቅ ተሾሞ ተላከ።

በትውፊት ደግሞ ላሊበላ በእርጅናው ዘመን ዙፋኑን ለሐርቤ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቆለት ነበር። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ የነአኩቶ ለአብ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሡ ማዕድ ብለው ወሰዱ፤ መስቀል ክብራም ይህን ሰምታ ባሏ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አደረገች ይባላል። ታደሰ ታምራት በዚህ የላም ታሪክ ውስጥም የተሸፈነ የሥልጣን ትግል አይቷል፤ የሐርቤ ልጅ ዙፋኑን ለአጭር ጊዜ ይዞ በላሊበላ ልጅ በይትባረክ ተወስዶበት ይሆናል ይላል። ነአኩቶ ለአብ ግን እንደ አባቱ ቅዱስ ሆኖ ይታሰባል፤ በስሙ የሚጠራው የዋሻ ቤተ ክርስቲያንም ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ይገኛል።

በ1270 ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛግዌ ንጉሥ ድል ነሥቶ መንግሥቱን ያዘ። ንጉሡ በጋይንት ወደ ቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሸሽቶ ገብቶ እዚያው እንደ ተገደለ ይነገራል።