ኳሱ ከመወርወሩ በፊት

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል መተንተን ሥራዬ ነውና «ጎበዝ ኳስ ወርዋሪ ካለ ለማጥቃት አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አይበቃም።

የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን እንውሰድ። ኳስ ወርዋሪው ጆ በሮው በ2018 ያቀበላቸው፣ ታችዳውን (በተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ የሚቆጠር ነጥብ) ያስገኙ ኳሶች 16 ነበሩ፤ በ2019 ግን 60 ደረሱ። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው አጨዋወቱ ነው። አዲስ የመጣው የቅብብል አሰልጣኝ ጆ ብሬዲ አምስት ተቀባዮችን በሜዳው ስፋት በተናቸው። ተከላካዩ ዳር ዳሩን ልሸፍን ሲል መሐሉ ይሳሳል፤ መሐሉን ልዝጋ ሲል ደግሞ ዳር ላይ አንዱ ነፃ ይሆናል። ዋና ሥራው ኳስ ይዞ መሮጥ የሆነው ክላይድ ኤድዋርድስ ሄሌር እንኳ በዚያ ዓመት 55 ኳስ ተቀብሏል።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርሙኝ ከኳስ ወርዋሪው ፊት ቆመው ተከላካዮችን የሚጋፉት አምስቱ ግዙፍ ልጆች ናቸው። ኳስ ይዘው አይሮጡም፣ ስማቸውም አይጠራም። ሁለትና ሦስት ሰከንድ ካላስገኙለት ግን በሮው ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ አይኖረውም። የአገሪቱ ምርጥ የፊት መስመር የሚሸለመውን የጆ ሙር ሽልማት ያን ዓመት የወሰዱት እነሱ ናቸው። ቡድኑም 15 ተጫውቶ 15 አሸነፈ፤ በፍጻሜው ክሌምሰንን 42 ለ 25 ረታ።

የሚቀጥለውን ጨዋታ ስታዩ ዓይናችሁን ከኳሱ አንሡና እነዚያን አምስቱን ተመልከቱ።