ቀዳዳው ይቅደም ወይስ መዝጊያው? የካሜራ ከፊል አውቶማቲክ ስልቶች አመራረጥ

ፎቶግራፍ ማንሣት ማለት በልክ የተወሰነ ብርሃን ወደ ፊልሙ ወይም ወደ ሴንሰሩ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ልኩን በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ሲሆኑ፣ አንደኛው አፐርቸር የሚባለው የሌንስ ቀዳዳ ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሻተር የሚባለው መዝጊያ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ባልዲን ከቧንቧ ለመሙላት ቧንቧውን በሰፊው ከፍቶ ለአጭር ጊዜ፣ ወይም በጥቂቱ ከፍቶ ለረጅም ጊዜ መቅዳት እንደሚቻል ሁሉ፣ ካሜራም ያንኑ የብርሃን መጠን በሁለቱም መንገድ መቀበል ይችላል። ባልዲው እኩል ይሞላል፤ ፎቶግራፉ ግን አንድ ዓይነት አይሆንም። ሰፊ ቀዳዳ ጥርት ብሎ የሚታየውን የርቀት ክልል ያጠብባል፤ ረጅም ጊዜ ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ያደበዝዛል።

ከፊል አውቶማቲክ ስልቶች የምንላቸው ከሁለቱ አንዱን እኛ ስንመርጥ ሌላውን ካሜራው ብርሃኑን ለክቶ የሚያሟላባቸው ናቸው። የቀዳዳ ቅድሚያ በኒኮን ካሜራዎች ላይ «ኤ»፣ በካነን ላይ «ኤቪ» በሚሉ ፊደላት ይታወቃል፤ የመዝጊያ ቅድሚያ ደግሞ «ኤስ» እና «ቲቪ» ይባላል። («ቲቪ» ከቴሌቪዥን ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ የጊዜ ዋጋ ለማለት ነው።) ቀደም ባለው ዘመን ምርጫው የሚደረገው ካሜራው ሲገዛ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ካነን ኤኢ-1 ከአውቶማቲክ ስልቶች የመዝጊያ ቅድሚያን ብቻ ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም ስልቶች በአንድ ባለመስታወት ካሜራ ያጣመረው በ1977 የወጣው ሚኖልታ ኤክስዲ ነው።

የተለመደው ምክር «ለሚንቀሳቀስ ነገር መዝጊያውን፣ ለቆመ ነገር ቀዳዳውን አስቀድሙ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ለምን እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን እናስብ።

10 ኪሎ ሜትሩን በ28 ደቂቃ ገደማ የሚጨርስ ሯጭ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ይጓዛል። መዝጊያው ለ1/60 ሰከንድ ቢከፈት ሯጩ በዚያች ቅጽበት 10 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ምስሉ በሴንሰሩ ላይ ከእውነተኛው መጠን 100 ጊዜ ያነሰ ከሆነ፣ 10 ሳንቲ ሜትሩ የ1 ሚሊ ሜትር ድብዝዝታ ይፈጥራል። በባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም መጠን ዓይን ጥርት ያለ አድርጎ የሚቀበለው ወሰን በልማድ 0.03 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ እዚያ ለመድረስ 1/2000 ሰከንድ ያስፈልጋል። እግሮቹማ ከዚህም ይብሳሉ፤ መሬት የነካው እግር ለቅጽበት ቆሞ ስለሚገኝ፣ ወደፊት ሲወነጨፍ ከሰውነቱ የበለጠ መፍጠን ግድ ይለዋል። በሌላ በኩል ሯጩ ወደ እኛ ፊት ለፊት የሚመጣ ከሆነ ምስሉ በሴንሰሩ ላይ የሚዘዋወረው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ከዚህ የረዘመ ጊዜም ይበቃል።

እንግዲህ ምክሩን ተከትለን በመዝጊያ ቅድሚያ 1/2000 መረጥን እንበል። በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 200 ካሜራው ኤፍ/5 አካባቢ ያለ ቀዳዳ ይመርጣል፤ ፎቶግራፉም ያምራል። ወዲያው ደመና ፀሐይዋን ቢሸፍናትና ብርሃኑ ወደ አንድ ስምንተኛ ቢወርድ ግን ካሜራው ኤፍ/1.8 ይፈልጋል። የሌንሳችን ሰፊው ቀዳዳ ኤፍ/4 ከሆነ የሚገባው ብርሃን ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ ብቻ ይሆናል። አብዛኞቹ ካሜራዎች ቁጥሩን ብልጭ ድርግም በማድረግ ያስጠነቅቃሉ እንጂ ፎቶግራፍ ከማንሣት አይከለክሉም። መሪው ሯጭ ባለፈ በሰከንዶች ውስጥ በእጃችን የሚቀረው ጨለማ ምስል ነው።

የችግሩ ሥር ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ያላቸው የተለያየ ስፋት ነው። ከኤፍ/4 እስከ ኤፍ/22 የሚዘልቅ ሌንስ ብርሃኑን 32 ጊዜ ያህል ብቻ ሊቀያይር ይችላል። ከ30 ሰከንድ እስከ 1/4000 የሚሠራ መዝጊያ ግን 120,000 ጊዜ ይቀያይራል። በቀዳዳ ቅድሚያ ለካሜራው የምንተውለት ይህን ሰፊ ሜዳ ነው፤ በመዝጊያ ቅድሚያ የምንተውለት ጠባቡን ነው።

ስለዚህ ብርሃኑ በሚለዋወጥበት ጊዜ ለሩጫም ቢሆን የቀዳዳ ቅድሚያን እንመርጣለን። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ኤፍ/4 ብንከፍተው ካሜራው ምንጊዜም ሌንሱ የሚፈቅደውን ፈጣን ጊዜ ይሰጠናል፤ በፀሐይ 1/3200፣ በደመና 1/400። የኋለኛው በቂ ካልሆነ አይኤስኦውን ወደ 1000 ከፍ ማድረግ ወደ 1/2000 ይመልሰናል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ አይኤስኦው አውቶማቲክ ሲሆን የመዝጊያ ቅድሚያ አደጋም በእጅጉ ይቀንሳል። በዚህ ዘዴ የማይሠራው ሰፊ ክልል ጥርት ብሎ እንዲታይ ሲፈለግ ነው፤ ለምሳሌ በሦስት ረድፍ የቆሙ ተመራቂዎችን በኤፍ/4 ከቅርብ ብናነሣ የኋለኞቹ ፊት ሊደበዝዝ ስለሚችል ኤፍ/8 ይሻላል።

የመዝጊያ ቅድሚያ ተገቢ ቦታው ድብዝዝታው ራሱ ሲፈለግ ነው። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ እንደ ነጠላ የለሰለሰ አድርጎ ለማሳየት 1/4 ሰከንድ ቢመረጥ ያምራል። ይሁንና በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100፣ ኤፍ/22 ላይ እንኳ የሚገባው ብርሃን ከሚያስፈልገው 12 እጥፍ ይበልጣል፤ ሌንሱ አሁን ደግሞ በጠባቡ ወሰን ነው ያለቀበት። ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ መግጠም ወይም ማለዳን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሯጩን በካሜራው እየተከተሉ በ1/30 ሰከንድ ማንሣትም እንዲሁ ነው፤ ደረቱና ፊቱ በመጠኑ ጥርት ሲሉ፣ እግሮቹና ከኋላው የቆመው ሕዝብ ወደ ጎን የተሳቡ መስመሮች ይሆናሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ፈጣኑ ጊዜ ሳይሆን ያ የተወሰነ ጊዜ ስለሆነ፣ የቀዳዳ ቅድሚያ ሊተካው አይችልም።