የሮቶ ውሃ ጣዕሙ ሲቀየር ምን እናድርግ?



በቤታችሁ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ የቀዳ ሰው አንዴ ጎንጨት ካደረገ በኋላ ፊቱን ቋጠር አድርጎ ብርጭቆውን ሲመልስ አይታችሁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ውሃው አፈር አፈር ይላል፣ ወይም ብረት ብረት ይላል፣ አልያም እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አብዛኛው ቤተሰብ በዚህ ጊዜ «የሰፈራችን ውሃ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ይለምደዋል። ችግሩ ያለው መልመዱ ላይ ነው። ውሃው በማይጣፍጥበት ቤት ሰዎች ሳይታወቃቸው የሚጠጡትን መጠን ይቀንሳሉ። ልጆች በውሃ ፋንታ ለስላሳ ይጠይቃሉ። ጣዕሙን እንዲሸፍን ተብሎ የሻዩ ስኳር ይበዛል። አረጋውያን ደግሞ ድሮም ጥማት ብዙ አይሰማቸውምና ጭራሹን ይተውታል። በረመዷን ነገሩ ይብሳል፤ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ባለችው ጊዜ ውስጥ የቀኑን ሁሉ ውሃ መተካት ያለበት ጾመኛ፣ የማይጥም ውሃ ሲቀርብለት በአንድ ብርጭቆ ያበቃል። በማግስቱ የሚመጣው ራስ ምታትና የሆድ ድርቀት በጾሙ ይሳበባል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ጥፋቱ ከሮቶው ከሆነ መፍትሔው የአንድ ቀን ጊዜ፣ አንድ ብሩሽና አንድ ሊትር በረኪና ብቻ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በየቀኑ የታሸገ ውሃ ከመግዛት ጋር ብታነጻጽሩት ምንም አይደለም። ይሁን እንጂ በረኪናውን ከማንሳታችን በፊት ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይኖርብናል።

ከመስመሩ ነው ወይስ ከሮቶው?

የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚመጣ ሲሆን ከመሰራጨቱ በፊት በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን ግን ሁልጊዜ አይቆይም። ውሃው በሮቶ ውስጥ ቀናትን ሲያሳልፍና ፀሐይ ሲመታው ክሎሪኑ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከታች የተጠራቀመው ዝቃጭ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ በሮቶው ግድግዳ ላይ በእጅ ሲዳሰስ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ይህ ሽፋን የጀርሞች ሰፈር ነው። ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ወይም የሮቶው ፕላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል። የአፈርና የሻጋታ ጣዕም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምንጩን ለመለየት ሦስት ንጹሕ ብርጭቆዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያውን ውሃ በመጣበት ሰዓት ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ማለትም ወደ ሮቶ ከመግባቱ በፊት ቅዱ። ሁለተኛውን ከራሱ ከሮቶው ቅዱ። ሦስተኛውን ከማዕድ ቤት ቧንቧ ቅዱ። መጀመሪያ በብርሃን እዩት፣ ቀጥሎ አሽቱት፤ ክፉ ሽታ ያለውን ወይም የደፈረሰውን አትቅመሱ፣ ሽታው ራሱ በቂ ምስክር ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው መጥፎ ከሆነ ጥፋቱ የሮቶው ነው። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ሦስተኛው ብቻ ከተበላሸ ችግሩ በቤቱ ውስጥ ባለው ቧንቧ ወይም ጎማ ላይ ነው። ሦስቱም መጥፎ ከሆኑ ግን ሮቶ ማጠብ ብቻውን አይፈውሰውም፤ ጉዳዩ ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ መነገር አለበት። ጎረቤትም ተመሳሳይ ነገር ካየ አብራችሁ ሂዱ፤ የብዙ ሰው አቤቱታ ቶሎ ይሰማል።

ጠዋት መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ ብረት ብረት የሚል፣ ትንሽ ቡናማ ሆኖ ከዚያ የሚጠራ ውሃ ያረጀ የብረት ቧንቧ ምልክት ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል አፍስሱት፤ ኢስራፍ እንዳይሆን በባልዲ ተቀብላችሁ ለወለል ወይም ለሽንት ቤት አውሉት። ቀዝቃዛው ጥሩ ሆኖ ሙቁ ብቻ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ጥፋቱ የቦይለሩ ነው። በብዙ ቦይለሮች ውስጥ ጋኑን ከዝገት የሚከላከል የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ኦክስጅን የማይፈልጉ አንዳንድ ጥቃቅን ሕዋሳት ከዚህ ዘንግ ጋር ሲገናኙ ያንን ሽታ ያመነጫሉ። ዘንጉን የሚያይና የሚቀይር የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲቆይ በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ከአፈሩ ቆሻሻ ውሃ ይስባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ይህ ነው። እኛ ግን «ውሃ መጣ» ሲባል እሱኑ በችኮላ ወደ ሮቶ እንለቀዋለን። ለጥቂት ደቂቃዎች ከታች ባለው ቧንቧ አፍስሱና ሲጠራ ወደ ላይ ልቀቁት። ከመስመሩ ላይ በፓምፕ በቀጥታ መሳብ ደግሞ ያንን ቆሻሻ ይበልጥ ይጠራል። በዚያ ላይ የጎረቤትን ድርሻ ይወስዳል፤ የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከምናለሽ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ የተገዛ ያገለገለ በርሜል ወይም ጀሪካን ቀድሞ ምን እንደያዘ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ ለመጠጥ ውሃ አታውሉት። የኬሚካል ዕቃ በሳሙናም በበረኪናም አይጠራም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ የገባው ኬሚካል ለወራት ይለቃል።

አጠባው

ከአንድ ቀን በፊት ለመጠጥ፣ ለምግብና ለውዱእ የሚሆን ውሃ በጀሪካን አስቀምጡ። የሮቶውን መግቢያ ዝጉና በውስጡ ያለውን ውሃ ለልብስና ለወለል ተጠቅማችሁ ጨርሱት። የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ማጥፋት አትርሱ፤ ባዶውን ከነደደ ይቃጠላል።

ከታች የቀረውን ዝቃጭ በታችኛው መውጫ አስወጡ። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የክዳኑን የውስጥ ገጽና ውሃው ሲሞላ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ ረጅም እጀታ ባለው አዲስ ብሩሽ ፈትጉ። የብረት ሽቦ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ይጭረውና ጭረቱ ለጀርሞች ጥሩ መደበቂያ ይሆናል። ሳሙናም ባይገባበት ይመረጣል፤ አረፋው ተለቅልቆ አያልቅም። ሁለት ጊዜ አለቅልቃችሁ አፍስሱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ያሙለጨለጨው ሽፋን ግን በቧንቧዎቹ ውስጥም አለ፤ ብሩሽም እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ነው በረኪናው የሚያስፈልገው።

መዓዛ ያልተጨመረበትና ቀለም የሌለው፣ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና ያዙ። ቆይቶ ፀሐይ ላይ የነበረ በረኪና ኃይሉ ስለሚቀንስ አዲስ ቢሆን ይሻላል። መጠኑ ለእያንዳንዱ 1000 ሊትር የሮቶ መጠን 1 ሊትር ነው፤ 500 ሊትር ለሚይዝ ግማሽ ሊትር፣ 2000 ለሚይዝ 2 ሊትር ማለት ነው። ሮቶውን እስከ ሩብ ሙሉት፣ በረኪናውን ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ አፉ ሙሉትና ክደኑ። ይህ በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ቀጥሎ በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ፣ የሙቁንም ጨምሮ፣ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ድረስ አንድ በአንድ ከፍታችሁ ዝጉ። አሁን 24 ሰዓት ይቆይ።

በእነዚህ ሰዓታት ይህ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም፣ አፍና ዓይን የሚነካ በመሆኑም ውዱእ አይደረግበትም። በየቧንቧው ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ ግቢው የጋራ ከሆነ ተከራዩም አከራዩም ይወቅ። ጊዜው ሲሞላ ውሃውን በሙሉ በፍሳሽ መስመር አስወጡ እንጂ ወደ አትክልት ወይም ወደ ዶሮዎች አትልቀቁት። በንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ በየቧንቧው አፍስሱ፤ ሽታው የወትሮው የቧንቧ ውሃ ያህል እስኪቀር ድረስ ይህንን ደግሙት።

በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሮቶው ሰው የሚያስገባ ትልቅ ከሆነ ማንም ብቻውን አይግባ፤ በረኪና ከገባበት በኋላ ደግሞ ጨርሶ አይገባበትም። ቀጭን ስለሆነ በአፉ ያልፋል ተብሎ ሕፃን ልጅ የሚላክበት ልማድ አለ። ይህ ሊቆም የሚገባው ነገር ነው።

የመስጂዱ ሮቶ

የቤታችንን ካጠብን፣ መስጂዳችን ላይ ያለውንስ መቼ ነው የታየው? በብዙ መስጂዶች ለውዱእ የሚያገለግለው ሮቶ ምእመኑ የሚጠጣውም ነው። ጁሙዓ ሲደርስ ይጨረሳል፣ በችኮላ ይሞላል፣ ዝቃጩ ከታች እየተረበሸ ወደ ቧንቧ ይወርዳል። ሁለት ሮቶ ያለው መስጂድ አንዱን ዘግቶ በሌላው እየተጠቀመ በተራ ማጠብ ይችላል። ቅዳሜ ቢጀመር እስከ ጁሙዓ በቂ ጊዜ አለ። ለጀመዓው ወጣቶች ጥሩ ሥራ ነው።

ከውሃ ጣዕም ጋር በተያያዘ «በዚህ ውሃ ውዱእ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የፊቅህ ሊቃውንት የውሃን ንጽሕና ሲመዝኑ የሚያዩአቸው ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ ናቸው። በነጃሳ ምክንያት ከእነዚህ አንዱ የተለወጠ ውሃ አያጠራም። ብዙ በመቆየት ብቻ የተለወጠ ውሃ ግን አጥሪነቱ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሮቶው ውስጥ የሞተ እርግብ ወይም አይጥ ካገኛችሁ ነገሩ የተለየ ነውና ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። በጤና በኩል ግን መልሱ አንድ ነው፤ ሁሉም ይፈስሳል፣ ከላይ ያለው አጠባ ከመጀመሪያው ይደገማል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃ እንዲከደን፣ የውሃ አቁማዳም አፉ እንዲታሰር ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የሮቶ ክዳንና የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ የሚታሰር ቀጭን ወንፊት የዚሁ ትእዛዝ የዛሬ ቅርጽ ናቸው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ምላስ የማትነግረን

ጥሩ ጣዕም ያለው ውሃ ሁሉ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። የተቅማጥ ጀርም ጣዕም የለውም። በ2008 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት በተከሰተ ጊዜ ብዙ ሰው የታመመው ውሃው መጥፎ ስለሚል አልነበረም። ጥርጣሬ ካለ ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ የተነሳ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ አንባብያን ደግሞ ፍሎራይድን አስታውሱ፤ የዓለም የጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ ያለፈው የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። በምላስ አይታወቅም። ማፍላትም አያስወግደውም፣ ውሃው ሲተን ይልቁንም ያከማቸዋል። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው ናሙናውን በላቦራቶሪ ማስመርመር አለበት።

ማጣሪያ መግዛትን በተመለከተ፣ የከሰል ማጣሪያ ጣዕምን በእርግጥ ያሻሽላል። ነገር ግን ክሎሪኑንም ያስወግዳል፤ በወቅቱ ካልተቀየረ ራሱ የጀርም መራቢያ ይሆናል። ቆሻሻ ሮቶ ላይ ማጣሪያ መግጠም ያልታጠበ ድስት ላይ ጥሩ ቅቤ እንደመጨመር ነው።

ከሐጅና ዑምራ የመጣ ዘምዘም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ቢላችሁ ጥፋቱ የአቀማመጡ ነው። ፀሐይ ከማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከጋዝና ከሳሙና አርቃችሁ አስቀምጡት። አዲስ ሮቶም እንዲሁ ፕላስቲክ ይላል፤ ሞልቶ አሳድሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ማፍሰስ ይበቃዋል።

አጠባው በስድስት ወር አንዴ ቢሆን መልካም ነው። ቀኑን ለማስታወስ እንዲቀል አንዱን ረመዷን ከመግባቱ በፊት በሻዕባን፣ ሌላውን በሰፈር ወር አድርጉት። በማይለቅ ማርከር የታጠበበትን ቀን በሮቶው ጎን ላይ ጻፉ፤ ቀጥሎ ጣራ ላይ የሚወጣው ሰው ያነበዋል።